«ትራሱ መቼ ነው የሚደርሰኝ?» የዲጂታል ጥለት ስንሸጥ በሞክአፕ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሱቁን የምንሠራው ከእህቴ ጋር ነው። እሷ ሜሪላንድ ናት፣ እኔ አዲስ አበባ። እኔ ጥለት እነድፋለሁ፤ እሷ ኤትሲ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ ትጭናለች፣ ደንበኛ ታስተናግዳለች። የምንሸጠው ጨርቅ አይደለም፤ ገዢው አውርዶ በፈለገው ነገር ላይ የሚያሳትመው ፋይል ነው። ገና በጀመርንበት ወር አንዲት ደንበኛ ጻፈች። «ትራሱ መቼ ነው የሚደርሰኝ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እህቴ ግን አልሳቀችም። ሴትየዋ ምን አጠፋች? የለጠፍነው የመጀመሪያ ምስል ያማረ ትራስ ነበር። ትራሱ ላይ የእኛ ጥለት አለ። ሥሩ ላይ ዋጋ አለ። እኔም ብሆን ትራስ የገዛሁ ነበር የሚመስለኝ። ይቅርታ ጠየቅን፣ ገንዘቧን መለስን።

ሞክአፕ ማለት ይኸው ነው። የባዶ ትራስ፣ የባዶ ቲሸርት ወይም የባዶ ኩባያ ፎቶ ይወሰድና ጥለታችሁን ይለብሳል። እኛ ሻጮቹ የምናየው እንደ ጌጥ ነው። ገዢው ግን ከሱ ላይ መልስ ነው የሚፈልገው፤ ምን እንደሚያገኝ፣ መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቢያሳትመው ምን እንደሚመስል። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ያልሠራኋቸውን ደግሞ ጓደኞቼ ሲሠሩ አይቻለሁ።

ዕቃ የምትሸጡ መምሰል

ከትራሷ እንጀምር። «መግለጫው ላይ ጽፌዋለሁ እኮ» ማለት አያዋጣም። መግለጫ ማንም አያነብም። ሰው ምስል ያያል፣ ዋጋ ያያል፣ ይገዛል። ስለዚህ ጽሑፉ ምስሉ ላይ መሆን አለበት፤ «ዲጂታል ፋይል ብቻ፤ ዕቃ አይላክም»። ፊደሉ ስልክ ላይ የሚነበብ ይሁን። ኮምፒውተር ላይ ደህና የመሰለ ጽሑፍ ስልክ ላይ ጉንዳን ያክላል።

ሁለተኛው ምስላችሁ ደግሞ ገዢው የሚያወርደውን ነገር በግልጽ ያሳይ፤ ስንት ፋይል፣ ምን ዓይነት፣ ስንት ፒክስል። ኤትሲ ለአንድ ምርት የሚቀበለው 5 ፋይል ነው፤ እያንዳንዱም ከ20 ሜጋባይት መብለጥ የለበትም። ሞክአፑ ላይ 12 ዓይነት ቀለም ደርድራችሁ ፋይሉ ውስጥ 5 ብቻ ካለ ጠብ ነው። ይሄ ሲሆን አይቻለሁ። ሻጩ ሊያጭበረብር አልነበረም፤ የቀሩትን ቀለሞች በኋላ እጭናለሁ ብሎ ረስቶት ነው። ይህን ግን ገዢው በምን ያውቃል?

ጀበናው የሕፃን ልጅ ቁመት ሲያክል

ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ልጽፈው ነው፤ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚበዛው ስህተት እሱ ነው።

ሁለተኛው ንድፌ ትንንሽ ጀበናና ስኒ የተበተነበት ጥለት ነበር። ለሞክአፕ ሶፋ መረጥኩ። ፋይሉን ስማርት ኦብጀክቱ (ንድፉ የሚገባበት የሞክአፑ ክፍል) ውስጥ ከተትኩት፣ ሴቭ አልኩት፣ ሶፋው ለበሰ። አማረኝ። ቴሌግራም ላይ ለወዳጆቼ በተንኩት። ከመካከላቸው አንዷ የመጋረጃና የሶፋ ልብስ ሰፊ ናት። እንዲህ ብላ መለሰችልኝ፤ «ይሄ ጀበና ስንት ሰው ያጠጣል?»

መልሼ አየሁት። አንዱ ጀበና የሶፋውን መደገፊያ ግማሽ ይዞታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞክአፕ ሴንቲሜትር አያውቅም። የሰጣችሁትን ምስል ባለው ቦታ ልክ ይወጥረዋል። አንዲት ካሬ፣ ማለትም እየተደጋገመ ጥለቱን የሚሠራውን ቁራጭ፣ ከሰጣችሁት ያቺን ካሬ ሶፋው ላይ ሁሉ ይለጥጣታል። ሒሳቡን መሥራት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ከባድም አይደለም። የእኔ ካሬ 3600 በ3600 ፒክስል ነው። በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲታተም 12 ኢንች ይሆናል፤ 30 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው። የሦስት ሰው ሶፋ ርዝመት 2 ሜትር ከ10 ነው እንበል። 210ን ለ30 ስናካፍል 7 ይመጣል። ስለዚህ ሶፋው ላይ ካሬዋ ከዳር እስከ ዳር 7 ጊዜ መደጋገም አለባት። 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ትራስ ላይ አንድ ጊዜ ተኩል። ኩባያ ላይ ደግሞ፣ ቁመቱ 9 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ የካሬዋ ሲሶ ብቻ ነው የሚታየው።

ፎቶሾፕ ላይ ይህን ለማድረግ ካሬውን «ዲፋይን ፓተርን» ብላችሁ አስመዝግቡት። ከዚያ ስማርት ኦብጀክቱን ከፍታችሁ በ«ፓተርን ፊል» ሙሉት። በመቶኛ ማሳነስና ማሳደግ ስለሚቻል እስከ 7 ድረስ እየቆጠራችሁ ታስተካክሉታላችሁ። በዓይን ግምት አትመኑ። ዓይን ሁልጊዜ ተለቅ ያለውን ነው የሚወደው፤ ምክንያቱም የደከምንበት ዝርዝር ጎልቶ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ ወጥመድ አለ። ያው 3600 ፒክስል በ150 ዲፒአይ ከታተመ 24 ኢንች፣ 61 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ለምሳሌ ስፑንፍላወር የሚባለው የኦንላይን ማተሚያ ድርጅት ጨርቅ የሚያትመው በ150 ነው። ገዢዋ ፋይሉን እዚያ ጭና፣ መጠኑን ሳትነካ ካዘዘች፣ የሚደርሳት ጀበና ሞክአፑ ላይ ካየችው እጥፍ ነው። ጥፋቱ የእሷ ይሁን የእናንተ ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ መከራከሩን ትቼ ከምስሎቹ አንዱን ለመጠን ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ጥለቱ ጠፍጣፋ ተዘርግቷል፤ ጎኑ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር ተኝቷል፤ ሥሩ ላይ «አንድ ካሬ 30 ሴ.ሜ.፣ በ300 ዲፒአይ» ይላል። የምናሳምረው ምስል አይደለም። ልብስ ሰፊዎች ግን መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።

የጠርዙን ጥለት የግድግዳ ወረቀት ማድረግ

እኛ አገር ሰው «ጥለት» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው የነጠላ ዳር ነው። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ የተሰቀለውን ቀሚስ ብታዩ ሸማኔው ቀለሙን የት እንዳኖረው ይገባችኋል። ከታች ዙሪያውን፣ ከፊት መሐል ለመሐል ወርዶ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ። የቀረው ነጭ ነው። ያ ነጭ የተረፈ ቦታ እንዳይመስላችሁ። ጥለቱን ጥለት ያደረገው እሱ ነው።

ዲጂታል ላይ ስንመጣ ይህን እንረሳለን። የጠርዙን ንድፍ እንወስድና ከላይ እስከ ታች ደጋግመን እንሞላዋለን። ከዚያ መጋረጃ ሞክአፕ ላይ እንዘረጋዋለን። የሚወጣው ነገር ዓይን ያስፈዝዛል። ሰው ንድፉን አልወደደውም ብላችሁ ታዝናላችሁ። ንድፉ ምንም አልሆነም፤ መተንፈሻ ነው ያጣው።

የጠርዝ ንድፍ ከሆነ ወደ ጎን ብቻ የሚደጋገም ፋይል አድርጋችሁ ሽጡት። ሞክአፑም ጠርዝ ያለው ዕቃ ይሁን፤ የመጋረጃ ግርጌ፣ የጠረጴዛ ልብስ ዙሪያ፣ የትራስ ዳር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ። በተለይ የጥሪ ካርዱን አትናቁት። ለውጭ አገር ሐበሻ ከሁሉም በላይ የሄደልን ምስል ነጭ ካርድ ላይ በግራ በኩል አንዲት ቀጭን ጥለት የወረደችበት ነው። ችግሩ ዝግጁ ሞክአፖች አብዛኞቹ ሙሉውን ገጽ በአንድ ንድፍ እንዲሞሉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። መፍትሔው ቀላል ነው። ስማርት ኦብጀክቱን ክፈቱ፣ መጀመሪያ በነጭ ሙሉት፣ ከዚያ ጥለቱን ዳር ላይ ብቻ አስቀምጡ።

ነጠላ የለበሰች ሴት ሞክአፕ ስትሠሩ ደግሞ ጥለቱ ወዴት እንደዞረ እዩ። በሐዘን ጊዜ ጥለቱ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይወጣል። የውጭ ዲዛይነር ይሄን አያውቅም፣ አይፈረድበትም። ለሠርግ ብላችሁ የለጠፋችሁትን ምስል እናቴ አይታ «ማን ሞተ?» ካለች ግን ተበላሽቷል።

መስቀል የሚቀመጥበትን ዕቃ አለመምረጥ

አሁን አንድ ንድፍ አስገብቶ በአንድ ጊዜ 20 ሞክአፕ ማውጣት ይቻላል። ጊዜ ይቆጥባል። ሃያውን ሳያዩ መለጠፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የመስቀል ቅርጽ ያለበትን ጥለት እንዲህ አድርጌ አወጣሁት። ትራስ አለ፣ ቦርሳ አለ፣ ማስታወሻ ደብተር አለ። አንዱ ደግሞ የበር ላይ እግር መጥረጊያ ነበር። ፌስቡክ ላይ ከሌሎቹ ጋር አብሬ ለጠፍኩት። አንድ አባት ሥሩ ላይ ጻፉ፤ «ልጄ፣ መስቀል ላይ እግር ይጠረጋል?» ስድብ የለበትም። ግን እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ወዲያው አነሳሁት።

ስለዚህ መስቀል ያለበት ነገር ጫማ፣ ካልሲ፣ ምንጣፍ፣ የውስጥ ልብስ ላይ አይውጣ። ገዢው አውርዶ የፈለገውን ሊያደርግ ይችላል፤ ያ የሱ ጉዳይ ነው። ምስሉ ላይ ያለው ግን የእናንተ ምርጫ ነው።

የፊደል ጥለት ለሚሠሩም አንድ ቃል። ዕቃው ሲገለበጥ ፊደሉ አብሮ እንዳይገለበጥ ተመልከቱ። አንዳንድ ሞክአፕ የኩባያውን ጀርባ የሚያሳየው ፊቱን እንደ መስታወት ገልብጦ ነው። ለአበባ ችግር የለውም። ፊደል ሲሆን ግን የማይነበብ ነገር ይወጣል። ሰብሊሜሽን (ከወረቀት ወደ ዕቃ በሙቀት የሚተላለፍ ኅትመት) የሚያትሙ ሰዎች ምስሉን ገልብጠው ነው ወረቀት ላይ የሚያወጡት፤ ያንን የሚያደርገው አታሚው ነው። ፋይላችሁም ሞክአፓችሁም በትክክል የሚነበብ ይሁን።

እንደ ስቲከር የተለጠፈ መምሰል

ቀሚሱ እጥፋት አለው፣ ጥለቱ የለውም። እጅጌው ወደ ጎን ዞሯል፣ ጥለቱ ግን ቀጥ ብሎ ከደረት ወደ ክንድ ይሄዳል። ሰው ለምን እንደቀፈፈው መናገር ባይችል እንኳ «ፎቶሾፕ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለት ነገር ይበቃል። አንደኛ፣ የጥለቱን ሌየር «መልቲፕላይ» ላይ አድርጉት፤ የጨርቁ ጥላ ከሥር ይወጣል። ሁለተኛ፣ ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው «ዲስፕሌስ» የሚባለው ፊልተር ጥለቱን በእጥፋቱ ልክ ያጣምመዋል። ልብስ ከሆነ ደግሞ ደረቱና ሁለቱ እጅጌዎች ለየብቻ የሚለብሱበትን ሞክአፕ ፈልጉ። ልብስ ሰፊ ጨርቁን ቆርጦ ነው የሚሰፋው፤ ምስሉም የተቆረጠ መምሰል አለበት።

በዚያው መጋጠሚያውን ፈትሹ። ሞክአፕ ምስሉን ስለሚያሳንስ የካሬው ጠርዝ በትክክል አለመጋጠሙን ይሸፍንላችኋል። ሁለት ሜትር ጨርቅ ያሳተመ ሰው ግን በየ30 ሴንቲሜትሩ መስመር ያገኛል። «ኦፍሴት» ፊልተር ላይ የካሬውን ግማሽ፣ ለእኔ 1800 በ1800፣ አስገቡና መሐሉን 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ እዩት። ጠርዙ የነበረው ወደ መሐል ይመጣል። መስመር ካለ እዚያ ነው የሚታየው።

የማያበራ ወርቅ

ወርቀዘቦ ያደገበትን ዓይን ማታለል ከባድ ነው። ያም ሆኖ ወርቃማ ክር የሚመስል ጥለት ሠርተን፣ የሚያብረቀርቅ ሞክአፕ ላይ አድርገን እንለጥፋለን። ገዢው የሚደርሰው ቢጫና ቡናማ ቀለም ነው። ተራ ማተሚያ ብረት አያትምም። የወርቅ ፎይል ያለው ማተሚያ ካልሆነ በስተቀር አያበራም። ሞክአፑን አታብለጭልጩት፤ «ወርቃማ ቀለም ነው፣ አያብረቀርቅም» ብላችሁ ጻፉበት።

ብዙ ዝግጁ ሞክአፖች ደግሞ ሞቅ ያለ የምሽት ብርሃን አላቸው። ነጩ ክሬም ይሆናል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። ቢያንስ አንድ ምስል ያለ ምንም ብርሃንና ጥላ፣ የፋይሉን ትክክለኛ ቀለም ያሳይ። ስክሪን ላይ የሚንቦገቦግ ቀለምም ጨርቅ ላይ ደብዘዝ እንደሚል አስቀድሞ መንገር ያዋጣል።

ካሬውን በነፃ ማደል

ከላይ ጠፍጣፋ ምስል አሳዩ ብያለሁ። ሙሉውን ካሬ በሙሉ ጥራት ለጥፉ ግን አላልኩም። አንድ ወዳጄ እንዲህ አድርጎ ነበር። ካሬዋ ንጹሕ፣ ጽሑፍ የሌለባት፣ 3600 ፒክስል። ሰው ምስሉን ሴቭ ካደረገው ምን ቀረው? ጥለቱን ከሁለት ወር በኋላ መርካቶ ቲሸርት ላይ አገኘው።

ለእይታ የምትለጥፉት ትንሽ ይሁን፣ ስማችሁ በስሱ ይለፍበት፣ ካሬው ደግሞ በትክክል በጠርዙ የተቆረጠ አይሁን። አንዱን ጎን ትንሽ ብትቆርጡበት ወስዶ መደጋገም ያስቸግራል።

አገር ውስጥ በቴሌግራም ለምትሸጡ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት አለ። የተከፈለበትን ፋይል እንደ ፎቶ አትላኩ። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሰዋል። «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩት። ገዢው ማተሚያ ቤት ሄዶ «ጥራት የለውም» ተብሎ ሲመለስ የሚደውለው ለእናንተ ነው።

ፈቃዱን አለማንበብ

በነፃ የሚወርዱ ሞክአፖች ብዙዎቹ ለግል መጠቀሚያ ብቻ ናቸው። ለመሸጫ ስትጠቀሙባቸው ሌላ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ያወረዳችሁበትን ገጽ ፈቃድ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ከፋይሉ ጋር አስቀምጡ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይጠቅማል።

በኤአይ ሞክአፕ የሚሠሩም በዝተዋል። እኔም ሞከርኩ። ጥለቴን ሰጥቼ «ቀሚስ ላይ አድርግልኝ» አልኩት። ቀሚሱ ግሩም ነበር። ጥለቱ ግን የእኔ አይደለም። አራት ጫፍ የነበረው ኮከብ አምስት ሆኗል፣ ረድፉ መሐል ላይ ጠፍቷል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የሌለ ቅርጽ ፈጥሯል። የሰጠሁትን እንዳለ የሚያሳይ ሳይሆን አስታውሶ የሚስል ነው የሚመስለው። ባዶ ቀሚስ ወይም ባዶ ክፍል እንዲሠራ አድርጉት፤ ጥለቱን ራሳችሁ አልብሱት።

የሁሉም ሰው ሶፋ

ግራጫ ሶፋ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጥግ ላይ ትልልቅ ቅጠል ያለው ተክል። ታውቁታላችሁ። ሁላችንም አውርደነዋል። ገዢው ሲፈልግ በአንድ ገጽ ላይ ያ ሶፋ አምስት ጊዜ ይመጣል፤ አምስቱም የተለያየ ሻጭ ነው። ያንተ የትኛው እንደነበረ አያስታውስም።

እኔ አሁን የምጠቀመው የቤታችንን ወንበር ነው። ነጭ አቡጀዲ አለበስኩት፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በስልኬ አነሳሁት። ያኔ ብርሃኑ ከጎን ስለሚገባ እጥፋቱ ይታያል፤ ዓይን ግን አይወጋም። አጠገቡ ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ ስኒው፣ ቄጤማው፣ እጣኑ ሁሉ ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ከነዚህ ሁሉ ጋር ነው። ጥለቱ የት እንዳለ እኔም ጠፋኝ። አንዲት ስኒ ብቻ ትቼ ሌላውን ሁሉ ከቦታው አወጣሁት። ስኒዋን የተውኳት ለመጠን ነው፤ ሰው የስኒን ልክ ያውቃል።

ፎቶሾፕ የሌላችሁ ፎቶፒያ የሚባለውን ሞክሩ። ብራውዘር ላይ በነፃ ይሠራል፣ የፎቶሾፕ ፋይል ከነስማርት ኦብጀክቱ ይከፍታል። የወንበሩን ፋይል አንድ ጊዜ አዘጋጅቼ ጨረስኩ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ጥለት ለማልበስ አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም።

ባለፈው ሳምንት እህቴ የደንበኛ መልእክት ላከችልኝ። ወንበሩን እንሸጥ እንደሆነ ይጠይቃል። ከምስሉ ላይ «ዲጂታል ፋይል ብቻ» የሚለውን ጽሑፍ ቆርጬው ኖሯል። መልሼ ጻፍኩት፤ አሁን ፊደሉን በጣም አተለቅሁት።